ሜትር የማይደርስበትን ርቀት ስለ መለካት
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምናገረው የፓይታጎራስ ሕግ ስለሚባለው ነው። ከወላጆች መካከል «ይህ የጥቁር ሰሌዳ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም፤ ከጓደኞቼም መካከል «ለፈተና ያህል ሸምድጄዋለሁ» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ይህ ሕግ በቤት ሥራና በመሬት ክፍፍል ላይ ታማኝ ዳኛ መሆኑን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ቀጤ ማዕዘን ባለው ሦስት ማዕዘን ሁለቱን አጫጭር ጎኖች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን ብንደምር፥ ድምሩ ረጅሙ ጎን በራሱ ሲባዛ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። 3 በ3 ሲባዛ 9፥ 4 በ4 ሲባዛ 16፤ ድምሩ 25፥ ይኸውም 5 በ5 ነው። ሕጉ በግሪካዊው ሊቅ ስም ይጠራ እንጂ የባቢሎን ሰዎች ከእርሱ ከ1000 ዓመት በላይ ቀድመው ያውቁት እንደ ነበረ የሸክላ ጽላቶቻቸው ይመሰክራሉ።

ግንበኞችም መሠረት ሲያወጡ ከማዕዘኑ ተነሥተው በአንድ ወገን 3 ሜትር፥ በሌላው ወገን 4 ሜትር ለክተው ምልክት ያደርጋሉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው፤ ካነሰ ጠቧል፥ ከበለጠም ሰፍቷል። ይህ ሳይጣራ የተሠራ ቤት ጉድለቱ የሚገለጠው ቆርቆሮው ሲመታ ነው። ያን ጊዜ ግን ግድግዳው ቆሟል፥ ገንዘቡም ወጥቷል።

አሁን ወደ መሬት እንምጣ። የምዕራብ ሐረርጌ አገር ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ አንዱ ሜዳውን፥ ሌላው ዳገቱን ወሰደ እንበል። ሜትሩ በመሬቱ ገጽ ላይ ተዘርግቶ ለእያንዳንዳቸው ርዝመቱ 50፥ ወርዱ 30 ሜትር ተሰጣቸው። ሁለቱም እኩል የደረሳቸው ይመስላል። ነገር ግን የዳገቱ ራስ ከግርጌው 14 ሜትር ከፍ ያለ እንደ ሆነስ? 50 በ50 ሲባዛ 2500 ነው፤ ከዚህ ላይ 14 በ14፥ ማለት 196 ሲቀነስ 2304 ይቀራል፤ ይህም 48 በ48 ነው። ስለዚህ አግድም ርቀቱ 48 ሜትር ብቻ ነው። ካርታ የሚያሳየው አግድሙን ነውና የሜዳው ድርሻ 1500፥ የዳገቱ ግን 1440 ካሬ ሜትር ሆኖ ይጻፋል።

ባለ ዳገቱ ይህን ሲያይ «ቀያሹ 60 ካሬ ሜትር ወሰደብኝ» ብሎ ይጮኽ ይሆናል። ቀያሹ ግን ምንም አልወሰደም፤ ዝናቡም ቢሆን ቀጥ ብሎ ሲወርድ የሚደርሰው በአግድሙ ስፋት ልክ ነው። ጉድለቱ የመጣው በክፍፍሉ ቀን ሜትሩ በዳገቱ ላይ ስለ ተዘረጋ ነው። መድኃኒቱም ሜትሩን አግድም ወጥሮ፥ ጫፉን በቱምቢ ወደ መሬት እያወረዱ፥ እንደ ደረጃ ጥቂት በጥቂት መለካት ነው። ይህ ካልተመቸ ከፍታውን በውሃ ልክ አግኝቶ በሕጉ ማስላት ይቻላል። ዳገቱ አንድ ወጥ ካልሆነ ግን እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሰላል።

እስካሁን የተናገርሁት በወረቀት ላይ ሊሣል ስለሚችል ሦስት ማዕዘን ነው። ዓለም ግን ርዝመትና ወርድ ብቻ ሳይሆን ጥልቀትም አላት። ለዚህ ምሳሌው በደጃችን ይገኛል። በመቻራ አካባቢ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቦረቦራቸው እንደ አቸሬና አይናጌ ያሉ ዋሻዎች አሉ። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቅ የነበሩት አስፋወሰን አሥራትና ባልደረቦቻቸው ከመቻራ ዋሻ ወለል የበቀለውን የድንጋይ ዓምድ መርምረው፥ ስለ ጥንቱ ዝናብ ምን እንደሚነግር እ.ኤ.አ. በ2007 ጽሑፍ አሳትመዋል።

በዋሻ ውስጥ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ከበሩ እስከ ውስጠኛው ክፍል ቀጥ ያለ ገመድ መዘርጋት አይቻልም፤ አለቱ ይከለክላልና። የዋሻ ቀያሾች እያንዳንዱን እጥፋት በሜትር፥ በኮምፓስና ተዳፋት በሚለካ መሣሪያ ለክተው፥ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ሰሜንና ወደ ታች ስንት እንደ ሄዱ ይደምራሉ። ለምሳሌ ያህል 12 ሜትር ወደ ምሥራቅ፥ 9 ሜትር ወደ ሰሜን፥ 8 ሜትር ወደ ታች ሄደዋል እንበል። በመጀመሪያ 12ና 9 በሕጉ መሠረት 15 ሜትር አግድም ይሰጣሉ፤ ቀጥሎ 15ና 8 በዚያው ሕግ 17 ሜትር ይሰጣሉ። አለቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው ቀጥተኛ ርቀት ይህ ነው። ማንም ሳይሄድበት ታወቀ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ሕጉን ለፈተና ብቻ ብንይዘው ከፈተናው ጋር ይረሳል። ወላጆቻችን ሆይ፥ መሬት ስታካፍሉና መሠረት ስታስወጡ ልጆቻችሁን ከነደብተራቸው ጥሩአቸው፤ ሜትሩን በአንድ ወገን ይያዙላችሁ፥ ሒሳቡንም ይሥሩላችሁ። ከክስና ከሽማግሌ በፊት አንድ ሰዓት በልክ ላይ ማጥፋት ርካሽ ነው።