ከጣርማ በር ግርጌ የሚጀመር ሙያ
(በሸዋ ሮቢት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ዲስኩር)



ከዚህ ከተማ ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን የሚወጣውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ1,300 ሜትር በታች ካለው ቆላ ይነሣና በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ ዘንድ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ሽንኩርቱና ማሾው በዚህ መንገድ ለገበያ ይወጣል። በዚሁ መንገድ ሌላ ተጓዥም ሲወጣ ኖሯል፤ እጁ በገመድ የታሰረ፣ በሁለት ዘመዶቹ መካከል የተቀመጠ፣ ወዴት እንደሚወሰድ ያልተነገረው ሕመምተኛ። የሚወሰደው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ ከይፋት ቆላ ለሚነሣ ቤተሰብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያው፣ የተመላላሽ ቀጠሮው ወጪ ሲደመር ብዙዎች አንዴ ሄደው ሁለተኛ አልተመለሱም።

ዛሬ የአእምሮ ሕክምና በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል፤ መንገዱ አጥሯል። የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር ግን ጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤታችሁ አጣዬ ከተማ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ፣ እዚህ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። በደብረ ብርሃን መጠለያዎች በነበሩ ተፈናቃዮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አስፈሪ ነገር ካዩ በኋላ የሚከተለው የጭንቀት ሕመም ምልክቶች እንደታዩባቸው አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት የአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት 18 ዓመት ሳይሞላ ነው ይላል። ይህ ማለት ነገሩ የሚጀምረው በእናንተ ዕድሜ፣ በእናንተ ክፍል ውስጥ፣ ከጎናችሁ በተቀመጠው ልጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ «ሳይኮሎጂ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጥያቄውን ትልቅ ጉዳይ አድርጌ ነው የምይዘው። መልሴም አጭር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ አትጠብቁ። ሙያው የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ሰውን ሳያቋርጡ በመስማትና የሰሙትንና ያዩትን በቁጥር በመመርመር። ሁለቱም እዚሁ፣ ዛሬ መጀመር ይቻላል።

ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት እሱ ነውና። 10ኛ ክፍል ጨርሶ መስክ ሲመርጥ «ሒሳብ ስለማልወድ ሶሻል እገባለሁ፣ ከዚያ ሳይኮሎጂ» የሚል ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። ይህ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስታትስቲክስ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። ሥነ ልቦና በ1879 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ በዊልሄልም ቩንት ቤተ ሙከራ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ ሲቆም፣ ከፍልስፍና የለየው መለካቱ ነው። መለካት የማይወድ ሰው የሰው ወዳጅ ሊሆን ይችላል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሆን ግን ይቸገራል።

መለካት ስል ከእናንተ የራቀ ነገር ማለቴ አይደለም። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዘው የሚሮጡትን ልጆች አስቡ። የትኛው መስኮት እንደሚከፈትላቸው መኪናው ሳይቆም ይገምታሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከእነሱ ሰምታ «ሴት ተሳፋሪዎች ከወንዶች ይበልጥ ቆሎ ይገዛሉ» ብላ ተነሣች እንበል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። የማንንም ስም አትጽፍም፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ጭረት፣ ለገዛው ሌላ ጭረት። በመጨረሻ ስትደምር ከ90 ወንዶች 27ቱ፣ ከ60 ሴቶች 18ቱ ገዝተዋል። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው «ወንዶች ይበልጣሉ» ይላል። አካፍላ ስታየው ግን ሁለቱም ልክ 30 በመቶ ናቸው። የሰማችውም፣ ድምሩ የነገራትም ትክክል አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ የሚጣፍጠው። የታዘበችውን ወስዳ ሌላ ጥያቄ ትጠይቃለች። ከደሴ የሚመጣውና ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛ እኩል ይርበዋል? ቅዳሜ ባልቆጥር፣ ረቡዕ በጾም ቀን ብቆጥር ኖሮስ? ቆሎ ሻጩ ሕፃን ሲሆንና ጎልማሳ ሲሆን ገዢው ይለያያል? ይህች ልጅ ግምትን ከማስረጃ ለይታለች፤ የራሷን ሐሳብ ለፈተና አቅርባ ውድቅ ሲሆን ሳትከፋ ተቀብላለች። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው ይህን ሳይለምዱ የሚወጡ አሉ።

ወጣቶች በዚህ ዓይነት ሥራ ምን ያህል ሊረዱ እንደሚችሉ አገራችን ውስጥ የታየ ምሳሌ አለ። በጉራጌ ምድር ቡታጅራ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከ1998 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ስለ አእምሮ ሕመም ቤት ለቤት አስጠይቀዋል። ጠያቂዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም። 12ኛ ክፍል የጨረሱ፣ ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ወጣቶች ነበሩ። መጠይቁን ይዘው ከደጅ ደጅ ሄዱ፤ ሰላምታ ሰጥተው፣ ተቀምጠው፣ «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ለማያውቁት ሰው አነበቡ፤ መልሱን ሳይስቁ፣ ሳይደነግጡ፣ ሳይጨምሩ ጻፉ። እነዚያ ወጣቶች በር ላይ ባገኟቸው ሰዎች የተጀመረው ክትትል ዓመታት ከቀጠለ በኋላ አንድ ከባድ እውነት ወጣ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያጣሉ። ይህን ቁጥር በሳይንስ መጽሔት ላይ የጻፉት ፕሮፌሰሮች ናቸው። መሠረቱ ግን ከእናንተ በጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጡ ወጣቶች የእጅ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ መስማቱ ልምጣ። አንዲት ከአጣዬ ተፈናቅላ የመጣች ተማሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች እንበል። በዕረፍት ሰዓት «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ በር ሲንኳኳ ልቤ ይመታል» ትላችኋለች። ሁላችንም አፋችን ላይ የተዘጋጀ መልስ አለን፦ «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ በርቺ፣ ጸልዪ።» በክፋት አንልም፤ በፍቅር ነው የምንለው። ነገር ግን ልጅቷ ከዚያ በኋላ ዝም ትላለች፤ ያልነው ሁሉ የንግግሩ መዝጊያ ስለሆነ ነው። በዚያ ፋንታ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ አትሙሉት። ስትናገር የራሳችሁን ታሪክ አታምጡባት። በመጨረሻ የገባችሁን በራሷ ቃል መልሱላት፦ «በር ሲንኳኳ ያ ቀን የተመለሰ ይመስልሻል ማለት ነው?» ተሳስታችሁ ከሆነ ታርማችኋለች፤ ልክ ከሆናችሁ ሰው እንደሰማት ታውቃለች።

ይህ ተራ ደግነት ይመስላል፤ ሥልጠና የሚጠይቅ ችሎታ ነው። የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው ደጅ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጠ። የተጨነቀ ሰው መጥቶ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ ሰምተውት፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። ከ500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአያቶቹ የታገዙት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው እንደተገኙ አሳይቷል። ይፋትም እንዲህ ሊሠለጥን የሚችል ሽማግሌ፣ የዕድር ሰው፣ የቡና ጎረቤት ሞልቶታል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥብቅ ነገር እነግራችኋለሁ። የሰማችሁትን ለሦስተኛ ሰው አትንገሩ፤ ለቅርብ ጓደኛችሁም፣ ስም ሳትጠሩም ቢሆን። አንድ ነገር ብቻ ይህን ያስቀራል። ጓደኛችሁ መሞት እንደሚፈልግ ወይም አንድ ሰው እየጎዳው እንደሆነ ከነገራችሁ ምስጢር መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት መምህር፣ ለወላጅ ወይም ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ንገሩ፤ እስክትናገሩም ብቻውን አትተዉት። ቢቀየምም ይቀየም። ሁለተኛው፦ እናንተ ገና ተማሪዎች ናችሁ። ማንንም «ዲፕሬሽን አለብሽ» አትበሉ። የሕመም ስም መስጠት የባለሙያ ሥራ ነው።

በትምህርቱ መንገድ ላይ ብዙ አልቆይም። ሳይኮሎጂስትና ሳይካትሪስት ይለያያሉ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል፤ ወደዚያ ለመድረስ የተፈጥሮ ሳይንስ መስክ መግባት ይኖርባችኋል። ይህ የስፔሻሊቲ ትምህርት አገር ውስጥ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲጀመር በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለሥነ ልቦና የተለመደው መግቢያ የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከባድ እንደሆነ አልሸሽጋችሁም፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ስለ ሙያው ማለም የዛሬውን የእንግሊዝኛና የሒሳብ የቤት ሥራ አይተካም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ አጠቃላይ ሥነ ልቦና በአንደኛ ዓመት ለሁሉም ተማሪ ይሰጣል፤ ኢንጂነሪንግ የሚያስበውም ይማረዋል። ያን ጊዜ ሙያው ይስማማችሁ እንደሆነ ትፈትሻላችሁ። ዲግሪው አራት ዓመት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለው። ሕሙማንን በንግግር ማከም የሚፈልግ ደግሞ በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል አለበት።

አንድ ነገር በተለይ ለእናንተ ለይፋት ልጆች እላለሁ። እዚህ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ሰው ሲታመም አንዱ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ይሄዳል፣ ሌላው ዱዓ ያስደርጋል። ከዚህ ያደገ ባለሙያ ይህን ከመጽሐፍ አይማርም፤ ሕመምተኛው ፊት ሲቀርብ «ይህን ሁሉ ትተህ ና» አይለውም። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞች ከጸበል ቦታ አገልጋዮች ጋር ተስማምተው፣ ሕሙማኑ ጸበሉን ሳይተዉ መድኃኒት የሚያገኙበትን አሠራር ጀምረዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጥናት ታትሟል። የእናንተ ትውልድ እንዲህ ያለውን ስምምነት ከቃሉ (ከባህላዊው የእምነት መሪ) ጋርም፣ ከሼኩ ጋርም ሊያደርግ ይችላል። በሁለቱም ቤት ቡና የጠጣ ሰው ይቀለዋል።

ከእናንተ መካከል ወደዚህ ሙያ የሚስበው የራሱ ቁስል የሆነ ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ። ቁስሉ ከሙያው አያግደውም። ሆኖም በቅድሚያ እሱ ራሱ የሚሰማው ሰው ያግኝ፤ በየትምህርት ቤቱ «ጋይዳንስ» የምትሏቸው ባለሙያዎች ካሉ ወደ እነሱ፣ ከሌሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሳይታከም የሰውን ሕመም የተሸከመ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ የሚያግዘውንም ሰው በራሱ ሕመም ዓይን ያያል።

ወላጆች፣ የእናንተን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ «ሥራ አለው ወይ?» ትላላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በከተማ ክሊኒክ ከፍቶ መቀመጥ አይቻልም፤ ተመርቀው ሥራ ያጡም አሉ። ሥራው የሚገኘው በትምህርት ቤት፣ በተፈናቃይ መጠለያ፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በዕርዳታ ድርጅት፣ በማረሚያ ቤት ነው። በዚህ ከተማ ትልቅ ማረሚያ ቤት አለ፤ ከአጥሩ ውስጥ ላለው ታራሚም፣ ለሚጠብቀው ፖሊስም፣ በየሳምንቱ ስንቅ ለምታመላልሰው እናትም ሰሚ ያስፈልጋል። ደመወዙ ትልቅ አይደለም። ልጃችሁ ይህን አውቃ «ቢሆንም እፈልጋለሁ» ካለች፣ ቅዳሜ ከገበያው ሥራ አንድ ሰዓት ቀንሱላትና ደብተሯን ይዛ ትቀመጥ።