«ከሆነ» እና «እስኪያልቅ ድረስ»



ዛሬ የምንነጋገረው ኮምፒዩተር ስለሚባለው መሣሪያ ነው። ኮምፒዩተር ሰው የጻፈለትን ትእዛዝ በየተራው ይፈጽማል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ከትእዛዞቹ ሁለቱን ግን እናንተ ከእኛ ከተማሪዎቹ ቀድማችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

አንደኛው «ከሆነ» ነው። ጳጉሜ ስንት ቀን ናት? ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ 6፥ ካልሆነ 5 ናት። ኮምፒዩተር ሉቃስን አያውቅምና በቁጥር እንጽፍለታለን፦ «ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍል። ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 አድርግ፤ ካልሆነ 5 አድርግ።» 2015ን ለ4 ስናካፍል 3 ይቀራል፤ የዚያን ዓመት ጳጉሜም 6 ነበረች።

ሁለተኛው «እስኪያልቅ ድረስ» ነው። ስታርሱ በሬውን እስከ ድንበሩ ትነዳላችሁ፥ ታዞራላችሁ፥ ትመለሳላችሁ። ማሳው እስኪያልቅ ያው ሥራ ይደጋገማል። ሲያልቅ እናንተ አይታችሁ በሬውን ትፈታላችሁ። ኮምፒዩተር ግን ማብቂያው በደንብ ካልተጻፈለት ማቆም አያውቅም።

ይህ በአሜሪካ ደርሷል። ዙን የሚባል የዘፈን ማጫወቻ ነበረ። ቀን የሚቆጥርበት ትእዛዝ እንዲህ ይል ነበር፦ «ቀኖቹ ከ365 እስከበለጡ ድረስ ደጋግም። ዓመቱ ባለ 366 ቀን ከሆነ፥ ቀኖቹም ከ366 ከበለጡ፥ 366 ቀንስ።» ልክ 366 ቢሆኑስ? ምንም አልተጻፈም።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች ዲሴምበር 31 ቀን 2008፥ የዓመቱ 366ኛ ቀን ዋለ። 366 ከ365 ይበልጣልና መሣሪያው ደገመ። ከ366 ግን አይበልጥምና የሚቀንሰው አጣ። ደገመ፥ ደገመ፥ አሁንም ደገመ። እህሉ ካለቀ በኋላ አውድማ ላይ እንደሚዞር በሬ ሆነ። የዚያ ዓይነት መሣሪያ የያዙ ሁሉ በአንድ ቀን ደረቀባቸው። የተላቀቀው በማግሥቱ ቀኑ ሲለወጥ ነው።

ዘፈን ቢቋረጥ ቀላል ነው። ዛሬ ግን የባንክ ሒሳባችሁም፥ በስልክ የምትልኩት ገንዘብም በእንዲህ ያለ ትእዛዝ ይሠራል። ስለዚህ «ማሽኑ ነው እንዲህ ያለው» ቢሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ማሽኑ የሚለው ሰው የጻፈውን ነው፤ ሰው ደግሞ ይረሳል። «ከሆነስ እሺ፥ ካልሆነስ? ማብቂያውስ የት ነው?» በሉ። ፊደል የቆጠርነው የተጻፈውን ለማንበብ ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም ነው።

እስቲ ማታ ቤት ስትገቡ 2019ን ለ4 አካፍሉ። የዚያ ዓመት ጳጉሜ ስንት ቀን ናት?