ቡችላ ሲመጣ ቤት ውስጥ ስለሚሸና ውሻ



በየቤቱ ስንዞር አንዲት እናት፥ «ደጅ የለመደው ውሻችን ቡችላ ካመጣን ወዲህ ጓዳ ይሸናል» አሉን። ሕፃናቸው እዚያው ይድህ ነበር።

ውሻው ጠግቦ አይደለም፤ እንግዳ መጣብኝ ብሎ ቦታውን ምልክት ማድረጉ ነው። ብትመቱት ተደብቆ ይሸናል እንጂ አይተውም። ሁለቱን ለየብቻ አብሏቸው፤ ጧትና ማታ፥ ከበሉም በኋላ ደጅ አውጧቸው። ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ግን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

የአፈር ወለል ሽንቱን ይመጣል፤ ውሻውም ሽታውን ተከትሎ ይመለሳል። የራሰውን አፈር ፍቃችሁ አዲስ ደልድሉ። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ በሳሙና እጠቡ፤ በሽንት ላይ በረኪና አታፍስሱ፥ የሚያፍን ጋዝ ይወጣዋል።

በውሻ ሽንት የሌፕቶስፒራ ተሐዋሲ፥ በቡችላ ዓይነ ምድር የወስፋት ዕንቁላል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዓይነ ምድሩን በዕለቱ ቅበሩ፤ የሚድኸውንም ልጅ እጅ ቶሎ ቶሎ በሳሙና እጠቡ።