«ኦርጅናል» ወይስ «ተመሳሳይ»? የጀልባ ሞተር ማቀጣጠያ ክፍሎችን ስለ መምረጥ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ተራ የገበያ ጥያቄ የተነሣ ነው። መለዋወጫ ሊገዛ ወደ ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ «ኦርጅናሉን ነው ወይስ ተመሳሳዩን?» ተብሎ ይጠየቃል። ለመኪና ባለቤት ይህ በአብዛኛው የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋበት መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ ስልክ ይደውላል። በሐይቅ መካከል ግን ዳር የለም። በጣና ወይም በጫሞ ላይ ተሳፋሪ የጫነ ጀልባ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት ሞተሩ ቢጠፋ አቅጣጫውን መያዝ ይሳነዋል፤ ጎኑንም ለማዕበል ይሰጣል። ስለዚህ ለጀልባ ሞተር የምንገዛው ካንዴላ፣ ቦቢና ወይም የማቀጣጠያ ሣጥን ከኪሳችን አልፎ የተሳፋሪውን ሕይወት ይነካል።

ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን መልስ አይሰጠንም። መጠየቅ ያለብን «ይህ ክፍል ቢከሽፍ ምን ይከተላል? ሥራውን በትክክል እንደሚሠራስ በምን አረጋግጣለሁ?» ብለን ነው። ይህን የጠየቀ ሰው አንዳንድ ጊዜ ውዱን፣ አንዳንድ ጊዜ ርካሹን ይመርጣል፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ምክንያቱን ያውቃል።

በቅድሚያ ቃላቱን እናጥራ። በገበያችን «ኦርጅናል» የሚባለው ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው በሞተሩ አምራች ካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ክፍል ነው። ሁለተኛው ለሞተር አምራቹ የሚያቀርበው ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሸጠው ክፍል ነው። የሞተር ኩባንያዎች በአመዛኙ ካንዴላ ራሳቸው አይሠሩም፤ እንደ ኤንጂኬ ካሉ ፋብሪካዎች ይገዛሉ። ስለዚህ ያው ካንዴላ በሁለት ካርቶን፣ በሁለት ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛው ዓይነት ከሞተሩ አምራች ጋር ግንኙነት የሌለው ፋብሪካ በራሱ ስምና ኃላፊነት የሚሠራው ተመሳሳይ ክፍል ነው። አራተኛው ገበያው «ፎርጅድ» የሚለው፣ የሌላውን ስም ሰርቆ የሚመጣው ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። ሦስተኛው ስሙን አስመዝግቦ የሚጠየቅበት ነጋዴ ነው፤ አራተኛው ግን የሚጠየቅበት ስም እንኳ የለውም። እንዲያውም ፎርጅዱ የሚለብሰው የታወቀውን ስም ስለሆነ «ስሙን አይቼ ገዛሁ» ማለት ከእርሱ አያድንም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከጀልባ ኋላ በሚሰቀሉ ብዙ ባለ ካርቡሬተር ሞተሮች ላይ ያለው ማቀጣጠያ ባትሪ አይፈልግም። በቮላኖው ውስጠኛ ዙሪያ ማግኔቶች ተለጥፈዋል። ቮላኖው ሲዞር በሥሩ በተቀመጠው የመሙያ ጥቅል ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ይህም ወደ ማቀጣጠያ ሣጥኑ ገብቶ በካፓሲተር ይከማቻል። ፒስቶኑ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲቃረብ ሌላ ትንሽ ጥቅል ምልክት ይልካል። በዚያ ቅጽበት በሣጥኑ ውስጥ ያለው ታይሪስተር እንደ በር ይከፈታል፤ የተከማቸው ኢነርጂ በቦቢናው በኩል ይፈስሳል፤ ቦቢናውም ጥቂት መቶ ቮልቱን ወደ አሥር ሺዎች አሳድጎ በካንዴላው ጫፍ ብልጭታ ይፈጥራል።

ተማሪዎች ሁለት ቀላል ስሌቶችን ልብ በሉ። በካፓሲተር የሚከማቸው ኢነርጂ አቅሙ በቮልቴጁ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት የተካፈለው ነው። 1 ማይክሮፋራድ ያለው ካፓሲተር እስከ 300 ቮልት ቢሞላ 45 ሚሊጁል ይይዛል። የካፓሲተሩ አቅም በ20 በመቶ ቢያንስ 36 ሚሊጁል ይቀራል። ቮልቴጁ በ20 በመቶ ቢያንስ ግን 28.8 ሚሊጁል ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የመዳብ ሽቦው ዙር የተቀነሰበት ርካሽ የመሙያ ጥቅል ጉዳቱን በቀላሉ አያሳይም፤ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ደኅና ይሠራል። ጉድለቱ የሚወጣው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ፣ ጀልባ ነጂው በውኃ መካከል ቆሞ ገመድ እየሳበ ሊያስነሣው ሲሞክር ነው።

ሁለተኛው ስሌት የጊዜ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ዙር ሲዞር በሰከንድ 33,000 ዲግሪ ያልፋል፤ አንዱ ዲግሪ 30 ማይክሮሰከንድ ያህል ነው። ብልጭታውን በ5 ዲግሪ ያስቀደመ ሣጥን የሳተው 150 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። በሙሉ ጭነት ለረጅም ሰዓት በሚሠራ ሞተር ላይ ግን ይህ ስሕተት ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዲፈነዳና ፒስቶኑ እንዲቀልጥ ሊያደርግ ይችላል። ሶኬቱ ገጠመ፣ ሞተሩ ተነሣ ማለት ሥራው ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ ተነሥተን ክፍሎቹን አንድ በአንድ እንመዝን።

ካንዴላ አላቂ ዕቃ ነው፤ በየጊዜው ይለወጣል፤ ቢበላሽም መለወጫው በኪስ ይያዛል። እዚህ ላይ ዋናው የመለያ ቁጥሩ ነው። ለምሳሌ «ቢአር8ኤችኤስ-10» የሚለውን የኤንጂኬ መለያ እንመልከት። «ቢ» የጥርሱን ስፋት 14 ሚሊሜትር መሆኑን፣ «አር» በውስጡ ሬዚስተር መኖሩን፣ 8 የሙቀት ደረጃውን፣ «ኤች» የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊሜትር መሆኑን፣ 10 ደግሞ የጫፎቹ ክፍተት 1 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው፤ በቻምፒዮን አቆጣጠር ግን ከፍ ያለ ቁጥር ሞቃት ነው። ስለዚህ ቁጥርን ከቁጥር በማየት አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም፤ የአምራቾቹ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። «አር» የሚለውን ፊደል መዝለልም ቀላል ነገር አይደለም። ሬዚስተር የሌለው ካንዴላ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ በአጠገቡ ያለውን የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ሊያውክ ይችላል። መለያው ከተጠበቀና ሻጩ ከታመነ የሞተሩን አምራች ካርቶን መግዛት ግድ አይመስለኝም።

ቦቢና መካከለኛ ቦታ አለው። ቢከሽፍ ሁለት ሲሊንደር ባለው ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ይቀራል፤ ጀልባው እያዘገመ ዳር ሊደርስ ይችላል። የሁለቱ ጥቅሎች ሬዚስታንስ በመመሪያው ከተሰጠው ልክ ጋር ከተስማማ፣ ሽፋኑም ውኃ የማያስገባ ከሆነ፣ በስሙ የሚጠየቅ አምራች የሠራው ተመሳሳይ ቦቢና ተገቢ ምርጫ ነው።

የማቀጣጠያ ሣጥኑ ግን የተለየ ነው። እርሱ ብልጭታ ከማዘዝ ሌላ የጥበቃ ሥራ አለበት። በብዙ ሞተሮች ላይ ዙሩ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድበው፣ ሞተሩ ሲግል ፍጥነቱን የሚቀንሰው እርሱ ነው። ከነጂው ጋር የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድም የሚሠራው በእርሱ በኩል ነው፤ ገመዱ ሲላቀቅ ሣጥኑ ብልጭታ ማመንጨቱን ያቆማል። ነጂው ወደ ውኃ ቢወድቅ ስለታማው ውልብልቢት በላዩ እንዳይዞር የሚያደርገው ይህ ነው። አንድ ተመሳሳይ ሣጥን ሞተሩን አስነሥቶ ከእነዚህ ጥበቃዎች አንዱን ቢያጎድል ጉድለቱ አደጋው እስኪደርስ ድረስ አይታይም። ስለዚህ ለሣጥኑ ፍርዴ ጥብቅ ነው፤ የፋብሪካው ይገዛ፤ ካልተገኘም አምራቹ እነዚህን ጥበቃዎች በሞተሩ ሞዴል ቁጥር ልክ በጽሑፍ ያረጋገጠበት ብቻ ይገዛ። የማጥፊያ ገመዱም ጀልባው ከዳር ሳይነሣ ይፈተን።

በቤንዚን ስለሚሠሩ፣ በጀልባው ሆድ ውስጥ ስለሚቀመጡ ሞተሮች ደግሞ ለብቻው መናገር ይገባል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት በጄኔራል ሞተርስ የመኪና ሞተር አካል ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የመኪናው ዲስትሪብዩተር ወይም አልተርኔተር ያለ ችግር ይገጥማል፤ ዋጋውም ያንሳል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል። ከመኪና ሥር ወርዶ በነፋስ ይበተናል፤ በጀልባ ሆድ ግን እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ይጠራቀማል። በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህል ሲሆን ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል። የጀልባው ዲስትሪብዩተር ከመኪናው የሚለየው በውስጡ የተነሣ ነበልባል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ በመሠራቱ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በእንዲህ ዓይነት ጀልባዎች ላይ ከነዳጅ ምንጭ ያልተነጠለ የኤሌክትሪክ ክፍል ከ4.25 እስከ 5.25 በመቶ ፕሮፔን ባለበት አየር ተከብቦ ሲሠራ አየሩን እንዳያቀጣጥል ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በአይኤስኦ 8846 ተመሳሳይ ፈተና አስቀምጧል። እዚህ ላይ ፋብሪካ ወይም ተመሳሳይ የሚለው ልዩነት ሁለተኛ ነው፤ ፈተናውን ያለፈ ተመሳሳይ ክፍል ይገጠም፤ ያላለፈው የመኪና ክፍል ግን የየትኛውም ታላቅ ፋብሪካ ቢሆን አይገጠም።

«እንግዲያስ ሁልጊዜ የፋብሪካውን ብንገዛ አይሻልም?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አባቶቻችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላሉ፤ ገዢውም የሚያውቀውን ስም ይመርጣል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ ፋብሪካ ዘላለማዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 የተጀመረው የኢቪንሩድ ሞተር በ2020 በአምራቹ በቢአርፒ ውሳኔ መመረት አቁሟል። እንዲህ ባለ ሞተር የሚተዳደር ሰው ዓመታት ባለፉ ቁጥር ተመሳሳይ ክፍል መፈለጉ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ውሱን ነው። ለምሳሌ ያህል የፋብሪካው ክፍል 9,000 ብር፣ ተመሳሳዩ 3,000 ብር ነው እንበል፤ የጀልባው የተጣራ የቀን ገቢም 1,500 ብር ይሁን። ርካሹ ክፍል ከአራት ቀን በላይ ሥራ ካስፈታ ቁጠባው ጠፍቷል ማለት ነው። ያን ያህል ካላስፈታ ደግሞ የተረፈው 6,000 ብር ለተሳፋሪዎች የሕይወት አድን ጃኬት መግዣ ሊሆን ይችላል። ድኻውን ጀልባ ነጂ «ሁሉንም ከፋብሪካው ግዛ» ማለት ምክር አይባልም። የቱ ላይ መቆጠብ እንደሚችልና የቱ ላይ ፈጽሞ እንደማይችል መንገር ግን የእኛ ግዴታ ነው።

ከግዢ በፊት የሚቀድም አንድ ነገርም አለ፤ እርሱም ምርመራ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ሳይመረመር የተለወጠ ክፍል ብዙ ጊዜ ችግሩን አይፈታም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 80 በመቶ ያህል ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ባለቤቱ «ካንዴላው ፎርጅድ ነው» ብሎ ደጋግሞ ይለውጣል፤ ጥፋቱ ግን የካርቡሬተሩ ነው። እንዲሁም ያረጀ ኬብል ወይም የዛገ የመሬት ማሰሪያ እያለ አዲስ ሣጥን ቢገጠም ነቀፋው ሁሉ በአዲሱ ላይ ያርፋል። መልቲሜትር፣ የከፍታ ቮልቴጅ መለኪያ አስማሚና የሞተሩ መመሪያ ያለው መካኒክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ብር ያድናል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። በእኛ አገር ጀልባ ነጂው ስለ ገዛው ክፍል የሚያውቀው ሻጩ የነገረውን ያህል ነው። የፈተና ወረቀት የለውም፤ መመሪያውም በሚያነበው ቋንቋ አልተጻፈም። ይህን ክፍተት መሙላት ከአንድ የምህንድስና ፋኩልቲ አቅም በላይ አይደለም። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ቮላኖ፣ አንድ ኦሲሎስኮፕና የጊዜ መለኪያ ያለው የመፈተኛ ጠረጴዛ ለመመረቂያ ሥራ የሚመጥን ፕሮጀክት ነው። በእርሱ ላይ የመሙያ ጥቅልን ቮልቴጅ በገመድ መሳቢያ ፍጥነት፣ የሣጥንን የብልጭታ ጊዜ በየዙሩ መለካት፣ የዙር ገደቡና የማጥፊያው መስመር መሥራታቸውን ማየት ይቻላል። ውጤቱ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በክፍል ቁጥር ተዘርዝሮ ለጀልባ ማኅበራት ቢሰጥ ገዢው የሚመርጠው በስም መሆኑ ቀርቶ በማስረጃ ይሆናል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ከእናንተ ብዙዎቹ የግዢ ኮሚቴ አባል፣ የጥገና ኃላፊ ወይም አስመጪ ትሆናላችሁ። በፊታችሁ ሁለት ካርቶን ሲቀመጥ ዋጋውን ከማነጻጸራችሁ በፊት የክፍሉን ሥራ ጠይቁ፤ ሲከሽፍ ማን እንደሚጎዳ ጠይቁ፤ ማረጋገጫውንም በጽሑፍ ጠይቁ። ካንዴላ ላይ ቆጥቡ፤ የማጥፊያ ገመድ በሚታዘዝበት ሣጥን ላይ ግን አትቆጥቡ።