ድረ ገጽ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ የማወራችሁ በየቀኑ ስለምንጠራው አንድ ቃል ነው፤ ድረ ገጽ።

ድር ማለት ታውቁታላችሁ። የሸረሪት ድር አለ፤ ሸማኔው ማጉን የሚያሳልፍበት ክርም ድር ነው። ገጽ ደግሞ የመጽሐፍ ገጽ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ የራሱ አድራሻ ያለውና ከሌሎች ገጾች ጋር በሊንክ የተያያዘ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። በ1993 ሰርን ቴክኖሎጂውን ለዓለም ሁሉ በነጻ ለቀቀው። ስለዚህ የድር ባለቤት የሚባል ኩባንያ የለም።

እኛ ጋ ግን ቃሉ ይደበላለቃል። ብዙ ገጾችን የያዘውን ሙሉ ቤት አንዳንዶች መካነ ድር ይሉታል፤ አብዛኛው ሰው እሱንም ድረ ገጽ ይለዋል። ይሄ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው የፌስቡክ ገጽ ከፍተን "ድረ ገጽ አለን" ስንል ነው። እሱ እኮ የኪራይ ቤት ነው! አከራዩ ደንቡን ቢቀይር ወይም በሩን ቢዘጋ ምን ይዘን እንወጣለን? ያሁ በ2009 ጂኦሲቲስን ሲዘጋው፣ ሰዎች ለዓመታት ከጻፉት ውስጥ የተረፈው ተሯሩጠው የቀዱት ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የአያቶቻችንን ታሪክ ፎቶ ላይ ጽፈን እንለጥፋለን። ላይክ ይጎርፍለታል፤ በሳምንቱ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ፎቶ ላይ ያለን ፊደል ሰው ያነበዋል እንጂ ጎግል ላይ የሚፈልገው ልጅ በቀላሉ አያገኘውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ታዲያ ዛሬ በፊደላችን ላለመጻፍ ምን ምክንያት አለን?

እናም አደራ፤ ከአባት ከእናታችሁ የሰማችሁትን ታሪክ በፊደል ጻፉት። ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደሰማችሁት አስገቡበት። የራሱ አድራሻ ባለው ገጽ ላይ አኑሩት፤ ቅጂውንም እቤት አስቀምጡ። ሊንኩን ከዚያ በኋላ እዚህ ሼር አድርጉት። አንዱ የጻፈውን ሌላው በሊንክ ያያይዘው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እንግዲህ ክሩ በእጃችን ነው።