ሊኑክስን በማየት ወይስ በመንካት?

(የማኅበራችን የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



እንደሚታወቀው ሁሉ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አምስት ያረጁ ኮምፒውተሮች ይገኛሉ። ሲሠሩበት የነበረው ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዓት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከአምራቹ ያገኝ የነበረው መደበኛ የደኅንነት እድሳት ቆሞበታል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኛን ዓይነት አሮጌ መሣሪያ አይቀበልም። እንግዲህ ወይ መጣል፣ ወይ ሌላ ሥርዓት መጫን ነው። ኮሚቴው የመረጠው ሊኑክስን ነው። ሊኑክስ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራውን ለዓለም ካስታወቀ ወዲህ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ተባብረው ያሳደጉት፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሥርዓት ነው። በየኪሳችን ያለው የአንድሮይድ ስልክ እንኳ ውስጡ የሊኑክስ አስኳል ነው።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ገሚሶቹ ወጣቶች «ለኢንተርኔት ገንዘብ ይመደብልንና ከቪዲዮ እንማር» አሉ። ገሚሶቹ «ኮምፒውተሩን ክፈቱልንና እንነካካው» አሉ። ወላጆች ደግሞ «ኧረ እንዳያበላሹት!» ብለው ሰጉ። ስጋቱ ይገባናል፤ የማኅበሩ ንብረት በነፃ የመጣ አይደለም።

በበኩላችን ስለዚህ ነገር ስናስብ ፕላዝማው ትዝ ይለናል። በ1997 ዓ.ም. ግድም በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተተክለው ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የገጠሩም ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ነው። የኬሚስትሪው ሙከራ በስክሪኑ ላይ ሲታይ በእውነት ያምር ነበር። ዳሩ ግን ፕላዝማ አይጠብቅም። «ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይልና፣ ገና እስክሪብቷችንን ሳናነሣ መልሱን ነግሮን ያልፋል። መምህሩም ከፊትና ከኋላ በቀረችለት ጥቂት ደቂቃ ምን ያድርግ? ከኮሚቴው አባላት መካከል በዚያን ጊዜ የተማርን አለን። ደብተራችን ሞልቶ ነበር፤ አሲድ የያዘ ብልቃጥ ግን በእጃችን ሳንይዝ ጨረስን።

እርግጥ የዛሬው ቪዲዮ እንደ ፕላዝማው አይደለም፤ ማቆምም መመለስም ይቻላል። ግን ማን ያቆማል? አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል፤ ልጁም ሦስት ሰዓት ተቀምጦ «ሊኑክስ ተማርኩ» ብሎ ይነሣል። ኮምፒውተሩ ፊት ስናስቀምጠው አንድ ማኅደር መፍጠር ያቅተዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሲያይ የገባው ስለመሰለው ነው። በዚያ ላይ ቪዲዮው የተሠራው ለሌላ ዕትም ሊሆን ይችላል፤ «እዚህ ጋ ተጫኑ» የሚለው ቁልፍ እኛ ጋ ጭራሽ የለም።

በደጃችን የሚያልፈው የአምቦ መንገድ ወደ ወንጪም ያደርሳል። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ለሚገኙ፣ ማንበብ ላልጀመሩ ልጆች ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው ሰጥቶ ነበር። የሚያስተምራቸው ሰው አልተመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ዓ.ም. እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። ታብሌቱ የሚሠራው በዚያው ሊኑክስን አስኳሉ ባደረገው አንድሮይድ ነበር። ማጋነን አንፈልግም፤ ይህ የድርጅቱ የራሱ ምስክርነት ነው፤ ታብሌቶቹም ውስጥ ፊልምና ጨዋታ ተጭኖባቸው ነበር። ሆኖም ካሜራውን ያስከፈታቸው ማየቱ ሳይሆን መነካካቱ ይመስለናል።

የሩቁን ትተን የቅርቡን እንናገር። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሚንት ጭነን ሁለት ልጆች እድሳት ሲያወርዱበት፣ በመካከሉ መብራት ጠፋ። የሰፈራችንን መብራት ታውቁታላችሁ! ሲመለስ ኮምፒውተሩ አዲስ ፕሮግራም አልጭንም አለ። ወንዱ ልጅ ቶሎ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ መፈለግ ያዘ። ልጅቱ ግን ስክሪኑ ላይ የወጣውን ማሳሰቢያ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ለካስ ማሳሰቢያው ሥራው በግማሽ መቋረጡንና ለማስተካከል የትኛው ትእዛዝ መጻፍ እንዳለበት ፊደል በፊደል ይናገራል። እሱኑ ገልብጣ ጻፈች፤ ተስተካከለ። ልጁ ገና ማስታወቂያው እስኪያልፍ እየጠበቀ ነበር።

ቪዲዮ ሲቀረፅ መብራት አይጠፋም፤ ቢጠፋም ቆርጠው ያወጡታል። ልጆቻችን ግን ሥራ ሲይዙ የሚከፈላቸው ያ ተቆርጦ የወጣውን ነገር ስለሚያውቁ ነው።

ቪዲዮ ጨርሶ ይቅር ማለታችን አይደለም። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ለማስነሣት የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን አንድ ጊዜ ማየት ከአሥር ገጽ ጽሑፍ ይሻላል። ይታይ፤ ከዚያ ይዘጋ፤ ልጁም ያየውን ከራሱ አውጥቶ ይሥራው። ሲጠፋበት ደግሞ ሊኑክስ መመሪያውን በሆዱ ይዟል፤ «ማን» ብሎ የትእዛዙን ስም መጻፍ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ እሱን አብረን እናነባለን።

ስለ መበላሸቱ ያለን ሐሳብ ይህ ነው፦ ከአምስቱ ኮምፒውተሮች አንዱ እንዲበላሽ ይፈቀድ። አዎ፣ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈቀድ! በውስጡ የማንም ሰነድ አይቀመጥበትም፤ ልጆቹ ያፍርሱት፣ መልሰው ይጫኑት፣ እንደገና ያፍርሱት። በቀሩት አራቱ ላይ በመጀመሪያ ሊኑክስን ከፍላሽ ብቻ ያስነሡታል፤ እንዲህ ሲሆን ዲስኩ ሳይነካ መለማመድ ይቻላል። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ምርጫ ግን ከኮሚቴው አንድ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር እንዳይነኩ አጥብቀን ነግረናቸዋል። የዕድርተኞች መዝገብ እዚያ ነው ያለው።

ሐሳቡን ከተቀበላችሁልን ልምምዱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመራል። ልጆቻችሁ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽና ደብተር ይዘው ይምጡ። የመጀመሪያው ሥራ የአማርኛውን ፊደል መጻፊያ ማስገባት ነው። ከተሳካላቸው የሚቀጥለውን የሰሌዳ ጽሑፍ የሚተይቡት እነሱ ናቸው፤ ግድፈት ካያችሁበት ለኮሚቴው ንገሩን።