የጎማ ዥዋዥዌ በግቢያችን

እህቶቼ፣ «የቁጠባ ማኅበር ለዥዋዥዌ ገንዘብ ያወጣል ወይ?» ብላችሁኛል። እኛ ስንሰበሰብ ታናናሾቻቸውን አዝለው ደጅ የሚቆሙት ሴት ልጆቻችን ናቸው፤ ጨዋታ ለእነሱም ይገባቸዋል። አሮጌው የመኪና ጎማ በነጻ ተገኝቷል፤ የሚገዛው ገመዱ ነው። እሱ ላይ እንዳንቆጥብ ሒሳብ ያዣችሁ እለምናለሁ። ልጅ በኃይል ስትወዛወዝ በገመዱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደቷ እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ጎማው ሽቦው ያልወጣ ይሁን። ታችኛው ጎኑ ይበሳ፤ አለዚያ የመካነ ሰላምን ክረምት ውሃ ያቁራል። ባሕር ዛፉ ላይ አናስረው፤ ቅርንጫፉ ይገነጠላል። ወይራው ይሻላል፤ ገመዱ የሚያርፍበትን በጆንያ እንጠቅልለው። ከሥሩ ድንጋይ ይለቀም። ናይለን ገመድን ፀሐይ ይበላዋል፤ ስለዚህ በየወሩ ከልጆቹ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ተንጠልጥሎ ይፈትነው (የኪሎ ነገር ከሆነ እኔ አለሁ)።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገመዱን ልግዛ?